የየኔታን ዋጋ የወሰደ ተክል

ዛሬ የምንነጋገርበትን ተክል ከመካከላችሁ የማያውቀው ያለ አይመስለኝም። በቆሻሻ መጣያ ዳር፣ በፈረሰ ቤት ፍራሽ ላይ፣ በበረት ጓሮ፣ በመንገድ ግራና ቀኝ ይበቅላል። ቅጠሉ ሰፊና ጥርሳም ነው፤ ሽታው ይከረፋል፤ አበባው እንደ መለከት የረዘመ፣ ነጭ ወይም ወይን ጠጅ ነው። እሾህ የለበሰው ፍሬው ሲደርቅ በአራት ይከፈልና በመቶዎች የሚቆጠር ጠቆር ያለ ዘር ይበትናል። ከብት እንኳ ዞር ብሎ አያየውም። አንዳንዱ አስተናግር፣ ሌላው አጤ ፋሪስ ይለዋል፤ የዕፅዋት ሊቃውንት ዳቱራ ስትራሞኒየም ብለው መዝግበውታል። ስለዚህ ተክል ሁለት ወሬ አለ። አንደኛው መርዝ ነው ይላል፤ እውነት ነው። ሁለተኛው በቆሎ ተማሪ ዘንድ ሲነገር የኖረው ነው፦ አብሾ ተብሎ ተበጥብጦ የጠጣው ተማሪ አእምሮው ይከፈታል፣ የሰማውን አይረሳም፣ ቅኔው ይጎርፍለታል የሚለው። አብሾ ውስጥ የሚገባው ቅመም ከአዋቂ አዋቂ ይለያያል፤ ስሙ በብዛት የሚያያዘው ግን ከአስተናግር ጋር ነው። እኔ ዛሬ የምከራከረው ይህ ሁለተኛው ወሬ ተገልብጦ የቆመ መሆኑን ለማሳየት ነው። አስተናግር ማስታወስን ይነጥቃል እንጂ አይሰጥም። የጉባኤ ቤቱ ተማሪ ያን ሁሉ መጽሐፍ በቃሉ የሚይዘው በመምህሩና በትምህርቱ ሥርዓት ነው፤ ለተክሉ የምንሰጠው ምስጋና ከየኔታ የተወሰደ ነው።

ይህን በምናገርባት፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ስለ ዕፅዋት ሲነገር አንድ ስም ሳይነሳ አይታለፍም። ጋፋትን ሁላችን የምናውቃት ሴባስቶፖል በተባለው መድፍ ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚስዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩባት መንደር ናት። በዚያው ዘመን ቪልሄልም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በዚሁ በጋፋትና በደብረ ታቦር ዙሪያ ቅጠልና አበባ እየለቀመ፣ እያደረቀ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። በ1837 (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ አገራችን ገብቶ በ1878 ዓድዋ ላይ እስኪሞት እዚሁ ኖረ። ድንችን በ1858 ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እሱ እንደሆነ ይጻፋል። የጉና ተራራ ገበሬ ዛሬ ከመድፉ ይልቅ ለድንቹ ቢያመሰግን የሚፈርድበት የለም። ድንች ደግሞ የአስተናግር የቅርብ ዘመድ ነው፤ በርበሬ፣ ቲማቲምና ትምባሆም እንዲሁ። በየሜዳው የምናያቸው እምቧይ፣ አውጥና ግዛዋም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ይህ ቤተሰብ ምግብንና መርዝን አንድ ላይ ያበቅላል፤ ድንቹን የሚበላው ሰው ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነውን የሚጥለው ለዚህ ነው።

ዝምድናውን ያነሣሁት ለጨዋታ አይደለም፤ የመጀመሪያው ማስረጃዬ ከዚያ ይነሣል። ድንች፣ በርበሬ፣ ቲማቲምና ትምባሆ ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ናቸው፤ ኮሎምበስ በ1492 ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት በእኛ ምድር አልነበሩም። አብዛኞቹ የዕፅዋት ሊቃውንት አስተናግርም የዚያው አህጉር ተወላጅ እንደሆነ ይስማማሉ። እንግዲህ ሒሳቡን እናስላ። ቅዱስ ያሬድ ድጓውን በ6ኛው መቶ ዘመን እንደ ደረሰ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ከዚያ እስከ 16ኛው መቶ ዘመን አንድ ሺህ ዓመት ያህል ነው። በእነዚያ ዘመናት ሁሉ ዜማው በቃል ተይዟል፣ ዳዊቱ በቃል ተደግሟል፤ አስተናግር ግን ገና በኢትዮጵያ አፈር ላይ አልበቀለም ነበር። ተክሉ ሳይመጣ የቆመ ትምህርት በተክሉ ቆመ ሊባል አይችልም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው የሊቃውንቱ ነው፦ የአስተናግር ዘመድ የሆነው ዳቱራ ሜቴል በህንድና በዐረብ ጥንታዊ ጽሑፎች ውስጥ ተጠቅሷልና ከኮሎምበስ በፊት ወደዚህኛው ዓለም ሳይሻገር አልቀረም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የሚናገረው ስለ ሌላው ዝርያ ነው፤ በደጃችን ስለሚበቅለው አይደለም። ሁለተኛው ተቃውሞ የሁላችን ነው፦ «አባቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ሲያውቁት የኖሩትን መድኃኒት እንዴት መጤ ትላለህ?» ለዚህ መልሱ በየቤታችን ድስት ውስጥ አለ። በርበሬ የሌለበት ወጥ ወጥ አይባልም፤ ቀዩን ወጥ ከአገሩ ሰው ማንነት ለይቶ የሚያይ የለም፤ ሆኖም በርበሬ መጤ ነው። አንድ ተክል በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ ስም አግኝቶ፣ ተረት አግኝቶ፣ የጥንት መስሎ ይቀመጣል። ይህም የሕዝቡን ብልሃት እንጂ ሐሰተኛነቱን አያሳይም።

ወደ ዋናው ነጥብ እንግባ። በአስተናግር ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል፣ አበባና በተለይም ዘር ውስጥ አትሮፒን፣ ሃዮሲያሚንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። የሦስቱም ሥራ አንድ ዓይነት ነው። በሰውነታችን ውስጥ ነርቮች እርስ በርስና ከጡንቻ፣ ከልብ፣ ከዕጢ ጋር የሚነጋገሩበት አሴቲልኮሊን የተባለ መልእክተኛ አለ፤ እነዚህ ንጥረ ነገሮች መልእክቱ የሚገባበትን በር ይዘጋሉ። ምራቅ የሚያመነጨው ዕጢ መልእክት ሲያጣ አፍ ይደርቃል፤ የዓይን ብሌን ይሰፋና ብርሃን ይወጋዋል፤ ላብ ይቆምና ሰውነት ይተኩሳል፤ ልብ ይሮጣል፤ ሽንት ይያዛል። አንጎል ውስጥ ሲገቡ ደግሞ አዲስ የሰማነውን ነገር ወደ ትዝታ የሚያስገባው ክፍል በዚሁ መልእክተኛ ስለሚሠራ፣ በሩ ሲዘጋ የተሰማው ነገር ሳይመዘገብ ያልፋል። ሰውየው ያወራል፣ ይስቃል፣ ከሌለ ሰው ጋር ይከራከራል፣ አየር ላይ የሌለ ነገር ይለቅማል፤ ሲነቃ ግን ያደረገውን አያውቅም።

ይህ የላቦራቶሪ ግምት ብቻ አይደለም። በ1676 በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ጄምስታውን በተባለች ከተማ አመፅ ሊያበርዱ የተላኩ የእንግሊዝ ወታደሮች የአስተናግርን ቅጠል እንደ ጎመን ቀቅለው በሉ። ሮበርት ቤቨርሊ በ1705 ባሳተመው የቨርጂኒያ ታሪክ እንደሚተርከው ለ11 ቀናት እንደ ሕፃን ሆኑ፤ አንዱ ላባ በእፍታ ያበርራል፣ ሌላው ራቁቱን ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ወደ ልቦናቸው ሲመለሱ ከሆነው ሁሉ አንዱንም አላስታወሱም። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን ፍራይቡርግ ከተማ የነበሩ ሐኪሞች ይህንኑ ጠባይ ሆን ብለው ተጠቀሙበት፤ ለምትወልድ እናት ስኮፖላሚንን ከሞርፊን ጋር ይሰጧታል፣ እሷም ምጡን ታልፈዋለች፣ በኋላ ግን አታስታውሰውም። መድኃኒቱ የተፈለገው ለማስረሳት ነበር። በ1974 ድራክማንና ሊቪት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለጤናማ ወጣቶች ስኮፖላሚን ሰጥተው ፈተኗቸው፤ ወጣቶቹ አዲስ ነገር ለመያዝ ሲቸገሩ የታየው ድክመት በእርጅና ከሚመጣው ጋር የሚመሳሰል ሆነ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ የመርሳት በሽታን የሚያጠኑ ቤተ ሙከራዎች አይጥን ለማስረሳት ሲፈልጉ የሚወጓት ስኮፖላሚን ነው። ለመርሳት ሕመምተኞች ዛሬ የሚታዘዘው ዶኔፔዚል የተባለ ክኒን ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፤ አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይጠፋ ይጠብቃል። አብሾ በበሩ ላይ መዝጊያ ሲያደርግ፣ የሐኪሙ ክኒን መልእክተኛውን በደጁ ያቆየዋል። አእምሮን እከፍታለሁ የሚል ሰው አስተናግርን ቢመርጥ ከዚህ የከፋ ምርጫ ማድረግ ይከብደዋል።

ታዲያ ለምን ታመነ? የመልሱ ከፊል በአገራችን ሌላ መድኃኒት ላይ ይታያል። ኮሶ የጠጣ ሰው መድኃኒቱ መሥራቱን ለማወቅ ምስክር አይጠራም፤ ትሉ ይወጣል ወይም አይወጣም። ኮሶ በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ የገባው ይህ በዓይን የሚታይ ውጤቱ ስላስመሰከረለት ነው። የአብሾ ውጤት ግን እንዲህ አይታይም። የጠጣው ተማሪ ሊቅ ቢሆን «አብሾው ነው» ይባላል። ቢያብድ «አብሾው በዛበት» ይባላል። እንደ ነበረ ቢቀር «አልያዘለትም» ይባላል። በሦስቱም መንገድ ተክሉ አይሸነፍም፤ የማይሸነፍ አባባል ደግሞ ማንም ሊፈትነው አይችልም። በዚያ ላይ አብሾ የሚፈልገው ተማሪ ማን እንደሆነ እናስብ። ሰነፉ አይፈልገውም። የሚፈልገው ቀድሞውኑ ትምህርት የነደደው፣ ከአገሩ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ እየለመነ የሚማረው ነው። ያ ልጅ ጠጣም አልጠጣም ሊቅ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። ጠጥተው ሊቅ ስላልሆኑት ምስክርነት የሚሰጠው ደግሞ የራሳችን አነጋገር ነው፤ መጠጥ ሲቀምስ የሚነሣበትን፣ የሚደባደበውን፣ የማይያዘውን ሰው «አብሾ አለበት» እንላለን። ሕዝቡ በዕለት ንግግሩ አብሾን የሚያስታውሰው ከዕውቀት ጋር ሳይሆን ከዕብደት ጋር ነው፤ ይህን ፍርድ ብንሰማው ይበጀን ነበር።

አሁን ምስጋናውን ወደ ባለቤቱ እንመልስ። ደቡብ ጎንደር በዚህ የሚያፍር አገር አይደለም። ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ናት፤ ደብረ ታቦር ኢየሱስ በተክሌ አቋቋም ይታወቃል፤ እሱም የፎገራው ናበጋ ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና ያበጁት፣ በልጃቸው በተክሌ የተጠራ ነው። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ትምህርቱ እንዴት እንደሚሰጥ ልብ ብሎ ላየ ሰው ምሥጢሩ ግልጥ ነው። ተማሪው ቀን ከየኔታ እግር ሥር የቀጸለውን ማታ ያለ መብራት በቃሉ ይደግማል፤ በነጋታው ሳያይ ያሰማል፤ ከተሳሳተ ይታረማል፣ እንደገና ያሰማል። ለታናሹ ደግሞ ራሱ ያስቀጽላል። ቅኔ ተማሪው የሌላውን በቃሉ ይዞ አይቀርም፤ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ በየደረጃው የራሱን ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ያቀርባል። የአቋቋም ተማሪ ቃሉን ከዜማ፣ ዜማውን ከመቋሚያና ከጽናጽል፣ ያንን ደግሞ ከእግሩ እንቅስቃሴ ጋር ያስራል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ በ1885 ባሳተመው ጥናት ሰው የተማረውን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚረሳ፣ በየጊዜው መደጋገምም መርሳቱን እንዴት እንደሚያዘገይ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ መጽሐፍ ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ሳያዩ ማሰማት የበለጠ እንደሚያስይዝ አረጋግጠዋል። የኔታ ኤቢንግሃውስን ሳያነቡ ይህን ሁሉ ሠርተውበታል። አንድ ተማሪ ድጓን በዓመታት ድካም ሲይዝ፣ እነዚያን ዓመታት በአንድ ብርጭቆ ጭማቂ የሚያስረዳ ሰው ለትምህርቱ ያደላ ይመስለዋል፤ ያደረገው ግን ስድብ ነው።

«መጠኑን የሚያውቅ ሰው በጥቂቱ ቢሰጠውስ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ በጥሞና መመለስ አለበት። በመጀመሪያ፣ መጠኑን የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን የምለው የአገር መድኃኒት አዋቂን ለመናቅ አይደለም፤ ኬሚስትም ቢሆን ዘሩን በዓይኑ አይቶ ሊያውቀው አይችልም። አንዱ ተክል ከሌላው፣ የክረምቱ ከበጋው፣ ለጋው ከደረቀው በመርዙ መጠን ይለያያል። መቶ ፍሬ ዘር ውስጥ እስከ 6 ሚሊ ግራም አትሮፒን ሊገኝ ይችላል፤ ሐኪም ለተለመደ ሕክምና በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ግን ግማሽ ወይም አንድ ሚሊ ግራም ነው። ትናንት ያልጎዳው እፍኝ ዛሬ ሊገድል ይችላል። ሁለተኛ፣ መጠኑ ቢያንስ የጉዳቱ መጠን ያንሳል እንጂ አቅጣጫው አይገለበጥም፤ ትንሽ መዝጊያ ትንሽ ይዘጋል። «በሌሎች ቅጠሎች ይበረዛል» የሚል ካለም፣ አስተናግሩ ካለበት ንጥረ ነገሩ ሥራውን ይሠራል፤ ከሌለበት ደግሞ ክርክራችን ስለሌላ ነገር ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከባህል መድኃኒት ወዳጆች ይመጣል፤ እኔም ከወዳጆቹ አንዱ ነኝ። ዘመናዊው ሕክምና ራሱ አትሮፒንን ይጠቀማል፣ ታዲያ ተክሉን ለምን ታወግዛለህ ይላሉ። ተክሉን አላወግዝም። የዓለም ጤና ድርጅት አትሮፒንን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። የዓይን ሐኪም ብሌን ለማስፋት ይጠቀምበታል። የተባይ መድኃኒት የጠጣ ወይም ሲረጭ የተመረዘ ገበሬ ሆስፒታል ሲደርስ ሕይወቱን የሚያተርፈው ይኸው ነው፤ የተባይ መርዙ አሴቲልኮሊንን ያበዛል፣ አትሮፒን በሩን ይዘጋል፤ መርዝ በመርዝ ይረክሳል። በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ አስም ያለበት ሰው የአስተናግርን ቅጠል እንደ ሲጋራ ያጨስ ነበር፤ ዛሬ በመንፊያ የሚሰጠው ኢፕራትሮፒየም የዚያው የአትሮፒን የልጅ ልጅ ነው። በእኛም አገር ቅጠሉ ለቁስል፣ ለእብጠት፣ ለጭርትና ለፎረፎር ሲለጠፍና ሲቀባ ኖሯል፤ የዘሩ ጭስ ለጥርስ ሕመም ይታጠናል። የጥርሱን ነገር ካነሣሁ አይቀር፦ በአውሮፓም በመካከለኛው ዘመን ሄንቤን የተባለ የዚሁ ቤተሰብ ተክል ዘር ይታጠን ነበር፤ ከጥርስ ወጣ ተብሎ የሚታየው «ትል» በሙቀቱ ከዘሩ የፈነዳ ጽንስ ነበር። ሕመሙ ለጊዜው ሊበርድ ይችላል፤ ትል ግን አልነበረም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ልብ የምለው አንድ ነገር ነው። አባቶቻችን ለአስተናግር ከሰጡት ሥራ ብዙው ከሰውነት ውጭ ነው፤ ይለጠፋል፣ ይቀባል፣ ይታጠናል። መጠጣቱ ግን በምሥጢር፣ በማርከሻ፣ በማስጠንቀቂያ የታጠረ ነበር። የድሮው መድኃኒት አዋቂ መርዝነቱን ከማናችንም በላይ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ አትጠጡት ስል ከባህሉ ጋር አልጣላም፤ ባህሉ ራሱ ካሠመረው አጥር አላልፍም። እርግጥ ከውጭ መሆኑም ሙሉ ዋስትና አይደለም፤ በተላጠ ቁስል ወደ ደም ይገባል፣ በጭሱ ይሳባል፣ ቅጠሉን የነካ እጅ ዓይን ቢያሽ ብሌኑ ሰፍቶ ለቀናት ይቆያል።

ገበሬዎቻችንም አንድ ነገር ይስሙኝ። አስተናግር በበቆሎና በማሽላ መካከል ሲበቅል ዘሩ ከእህሉ ጋር ይታጨዳል። በ2019 በኡጋንዳ ካራሞጃ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ያደለው የተመጣጠነ የገንፎ ዱቄት በዚህ ዓይነት መርዝ ተበክሎ 300 ያህል ሰዎች ታመሙ፣ 5 ሰዎች ሞቱ። ከአጨዳ በፊት ተክሉን ነቅሎ ማቃጠል፣ ሲያቃጥሉም ከጭሱ መራቅ፣ ለወፍጮ የሚሄደውን እህል ማበጠር ብዙ ድካም አይጠይቅም።

የአብነት ተማሪዎች፣ መምህራንና ወላጆች፤ የመጨረሻ ቃሌ ለእናንተ ነው። ለቅኔም ለድጓም ብላችሁ አትጠጡት፣ አታጠጡትም። አንድ ልጅ አፉ ደርቆ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ብሌኑ ሰፍቶ፣ የሌለ ነገር እያየ ሲቃዥ ካገኛችሁት ሱባኤ ያዘው ወይም መንፈስ ወረደበት ብላችሁ አትጠብቁት፤ ማርከሻ ብላችሁ ሌላ ቅጠልም አትጨምሩበት። ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ውሰዱት፣ የተረፈውን ዘር ወይም ቅጠል ያዙ፣ የጠጣውን ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩ። በጊዜ የደረሰ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።